ከ4ኛ ክፍል ልጆች ጋር የክፍል ብሎግ፦ ከምን ልጀምር?

ጠመኔ_4ለ

ሰላም ለሁላችሁም። የ4ኛ ክፍል አማርኛና አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። በክፍሉ 52 ተማሪ አለ። ያለን መሣሪያ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ስልክና አንድ ፕሪንተር ነው፤ ኢንተርኔቱ በሳምንት ሁለት ቀን በአይሲቲ (ኮምፒዩተር) ክፍል ይገኛል። ልጆቹ ድርሰት ሲባሉ አንድ ገጽ ሞልተው ያስረክባሉ፤ ታርሞ ሲመለስላቸው ውጤቱን አይተው ደብተሩን ይዘጋሉ። ሁለተኛ የሚጽፈው የለም። የክፍል ብሎግ ይህን ይለውጠው ይሆን? የሚከፈተው ለየልጁ ነው ወይስ ለክፍሉ አንድ? የብሎግ መክፈቻ አገልግሎቱስ ዎርድፕረስ ነው ብሎገር? በደንብ የምታውቁት ዘርዘር አድርጋችሁ ብትነግሩኝ።

ብራና_27

መምህርት፣ ለክፍሉ አንድ ብሎግ ይበቃል፤ እሱንም ከሦስት ሳምንት በኋላ ይክፈቱት። መጀመሪያ በወረቀት ይጀምሩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ደብተር ላይ የተጻፈ ድርሰት አንባቢው አንድ ነው፤ እሱም ሊያርም የተቀመጠ። ልጁ የጻፈው ነገር ያልገባው ሌላ ልጅ መጥቶ «ይቺን አላወቅኋትም፣ ምንድን ናት?» ሲለው ነው ተመልሶ የሚያስተካክልበት ምክንያት የሚያገኘው። ስለዚህ ልጆቹ ቀድመው መልመድ ያለባቸው ጽፎ ማውጣት፣ የሌላውን አንብቦ መጠየቅ፣ ተጠይቆ ማስተካከል ነው። ይህ መብራት በሌለበትም ይሠራል። ሦስቱን ሳይለምዱ ብሎግ ቢከፈት ሁሉም ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ይቀራል።

የወረቀት ብሎግ አሠራሩ ይኸውና። ኤ4 ወረቀት ላይ ከላይ ርዕስ፣ የብዕር ስምና ቀን፤ መካከሉ ላይ ጽሑፉ፤ የታችኛው ሲሶ ባዶ ይተዋል። ሌላ ኤ4 ለስምንት ይቆረጥና ብጣሹ የአስተያየት ወረቀት ይሆናል፤ ለ52 ልጅ ሁለት ሁለት ቢደርሰው 13 ወረቀት ይበቃል። ጽሑፎቹ ግድግዳ ላይ በልጅ ቁመት ይሰቀላሉ። ከፍ ካሉ ማንም አያነባቸውም፤ ብዙ የግድግዳ ጋዜጣ የሚሞተው በዚህ ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ርዕስ፦ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ስሙን ሳይጠሩ መግለጽ። ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ሙቀጫ፣ ጀበና። አንባቢው አስተያየቱ ላይ «ይህ ሰፌድ ነው?» ብሎ ይጽፋል። አንባቢዎቹ ሁሉ ከተሳሳቱ ጸሐፊው ምን እንደጎደለው በራሱ ያየዋል፤ መምህር መንገር አያስፈልገውም።

አንድ ሁሌም የሚያጋጥም ችግር፦ ልጆች አስተያየት የሚጽፉት ለጓደኛቸው ነው። አንዱ ወረቀት 14 ብጣሽ ይሸከማል፣ ጥግ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ባዶ ትቀራለች። ያቺ ልጅ ሁለተኛ አትጽፍም። መድኃኒቱ ሁለት ደንብ ነው፤ የመጀመሪያው አስተያየት ከፊት ለፊት ለተቀመጠው (ከፊት ያሉት ለኋለኛው ረድፍ)፣ ሁለተኛው ለፈለጉት። ሦስት ብጣሽ የተለጠፈበት ወረቀት ደግሞ ይዘጋል።

ሚኒ_ሚዲያ

ብራና_27 ያለው ላይ ልጨምር። የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ክበብ አይርሱ። ልጆች በሰልፍ ሰዓት የሚያነቡት ጽሑፍ ተነቦ ይጠፋል፤ ያው ጽሑፍ ብሎጉ ላይ ቢወጣ ይኖራል። አዲስ ሥራ ከመፍጠር ያለውን ሥራ ማስቀመጫ ማድረግ ይቀላል።

መርሐ_ግብር

52 ልጅ በየሳምንቱ ብሎግ ላይ ይጽፋል ማለት አይቻልም፤ የሚሞክረው መምህር ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ይተወዋል። ሒሳቡን እናስላ።

ክፍሉን ለ10 ቡድን ይክፈሉት፤ ስምንቱ አምስት አምስት፣ ሁለቱ ስድስት ስድስት ልጅ ይኖራቸዋል። በሳምንት የሁለት ቡድን ጽሑፍ ይወጣል። በአምስት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል፤ በ15 ሳምንት ሦስት ዙር ነው። ፈተናና በዓል የሚበላው ሳምንት ተቀንሶም አንድ መንፈቅ ዓመት ይህን ይችላል። ሁሉም ልጅ በየሳምንቱ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ብሎግ ላይ የሚወጣው ግን የተረኞቹ ነው። የቀሩት ስምንት ቡድኖች በዚያ ሳምንት አንባቢና ጠያቂ ናቸው።

ሳምንቱ እንዲህ ይሄዳል። ሰኞ በአንድ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ 10 ደቂቃ ስለ ርዕሱ ይወራል፣ 25 ደቂቃ ይጻፋል፣ 5 ደቂቃ ለጎን ጓደኛ ይነበባል። ጮክ ብሎ ማንበቡ አይቅር፤ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር በዓይን ያልፋል፣ በጆሮ ግን ይያዛል። ማክሰኞ ተረኞቹ ቡድኖች ረቂቅ ተቀያይረው ጥያቄ ይጽፋሉ። ረቡዕ ያስተካክላሉ። ሐሙስ ከቡድኑ ሁለት ልጆች ይተይባሉ፤ አንዱ ያነባል ሌላው ይመታል፣ ከግማሽ ላይ ይቀያየራሉ። ዓርብ መምህሩ ያወጣውና አንድ ቅጂ አትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል።

ስለ ርዝመት፦ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ልጆች በሳምንት 100 ቃል የሚጽፉበት ልማድ አለ። ለአማርኛ ያን ቁጥር እንዳለ አይውሰዱት። «አልመጣችላቸውም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ስድስት ቃል ይወጣዋል። ለ4ኛ ክፍል ከ40 እስከ 60 ቃል ደህና ነው። 60 ቃል ለጀማሪ ልጅ መተየብ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል፤ 100 ቃል ከተባለ የሚተይበው ይሰለችና መምህሩ ማታ ቤቱ ይተይበዋል። እዚያ ላይ ሥራው የመምህሩ ሆነ ማለት ነው።

ሽቦና_ሰሌዳ

የቴክኒኩን እኔ ልያዝ። ዎርድፕረስም ብሎገርም ያገለግላሉ፤ ልዩነታቸውን ግን ቀድመው ይወቁ።

ብሎገር ነጻ ነው፤ ባለቤቱ ካላስገባ በቀር ማስታወቂያ አይወጣበትም። ደካማ ጎኑ ደራሲ ተብሎ የተጨመረ ሰው ሁሉ ያለ ማንም ፈቃድ ማውጣት መቻሉ ነው። ስለዚህ ልጆችን ደራሲ አድርገው አይጨምሩ፤ መግቢያው በመምህሩ እጅ ብቻ ይሁን። ለተወሰኑ አንባቢዎች ብቻ ልክፈተው ካሉ ደግሞ አንባቢው ሁሉ የጉግል አካውንት ይጠየቃል፤ ብዙ ወላጅ እዚያ ላይ ይቀራል።

ዎርድፕረስ ዶት ኮም ላይ ነጻው አካውንት የሚሰጠው ቦታ 1 ጊጋባይት ነው፤ ማስታወቂያም ይታይበታል። ለልጆች ገጽ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥሩ ጎኑ «ኮንትሪቢውተር» የሚባል ሥልጣን አለው፤ ጽፎ ለግምገማ ያስገባል እንጂ ማውጣት አይችልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት አለ። ኮንትሪቢውተር ፎቶ መስቀል አይችልም፤ የወጣለትንም ጽሑፍ መልሶ ማረም አይችልም። ፎቶው ለምን እንቢ አለ ብለው «ኦተር» ወደሚለው ሥልጣን ካሳደጉት ልጁ በቀጥታ ማውጣት ይጀምራል። ሌላው የዎርድፕረስ ጥቅም አንድን ጽሑፍ በይለፍ ቃል መዝጋት መቻሉ ነው፤ አንባቢው አካውንት አያስፈልገውም፣ ቃሉን ብቻ ይነገረዋል።

በአንድ ላፕቶፕ ለሚሠራ ክፍል የኔ ምርጫ ብሎገር ነው፤ አካውንቱም የትምህርት ቤቱ።

አሁን የአማርኛ ጣጣዎች። እነዚህ በእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ አይገኙም።

አንደኛ፣ ሊንኩ። ዎርድፕረስ የአማርኛ ርዕስን ወደ ሊንክ ሲቀይር እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ ለርዕሱ የተመደበው ቦታ ደግሞ 200 ምልክት ነው። 22 ፊደል ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። በቴሌግራም ለወላጅ ሲላክ ሦስት መስመር የሞላ የመቶኛ ምልክት ይመስላል፤ ወላጅ ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ብሎገር ደግሞ የአማርኛውን ርዕስ ጭራሽ ትቶ «ብሎግ ፖስት» ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፤ ከማውጣትዎ በፊት «ፐርማሊንክ» የሚለውን ከፍተው በላቲን ፊደል አጭር ስም በእጅ ይጻፉ። ከወጣ በኋላ ቢቀይሩት ቀድሞ የተላከው ሊንክ ሊሰበር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ፊደሉ። ግዕዝ ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ አሠራር) ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በ3.0 እትም ነው። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች በዩኒኮድ አይሠሩም፤ ፎንቱ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ አማርኛ የሚመስለው ብሎግ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። ጸሐፊ ቢሮ የተተየበ ጽሑፍ ከመለጠፍዎ በፊት መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን በኖትፓድ ውስጥ ይለጥፉት፤ እዚያ አማርኛ ሆኖ ከታየ ደህና ነው። ለመተየቢያ ላፕቶፕ ላይ ኪይማን፣ ስልክ ላይ ጂቦርድ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ አራት ነጥብ። ልጆች ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ሳይመልሱ ሁለት ጊዜ የእንግሊዝኛውን ኮለን ይመቱና «::» ያደርጉታል። ዓይን ላይ ይመሳሰላል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን «።» አይደለም። በመጀመሪያው የትየባ ቀን ያሳዩአቸው።

አራተኛ፣ «ሥዕል» እና «ስዕል»። ለብሎጉ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የርዕስ መለያ ሲሰጡ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ከጻፉ ሁለት መደርደሪያ ይፈጠርና ግማሹ ጽሑፍ ከዕይታ ይጠፋል። ከ8 የማይበልጡ መለያዎች መርጠው፣ አጻጻፋቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ላፕቶፑ አጠገብ ይለጥፉት።

ከዎርድ ሲገለብጡ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ባዶ ጽሑፉ ብቻ ይገባል። አለበለዚያ የፊደሉ መጠን በየአንቀጹ ይለያያል።

ጠመኔ_4ለ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሊንኩን ነገር ማን ያስበው ነበር! የኢንተርኔት ፍጆታውስ? ፎቶ ብንጨምር ይከብዳል?

ሽቦና_ሰሌዳ

ጽሑፉ ምንም አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ 60 ቃል ወደ 1 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። የሚበላው ፎቶ ነው። ስልክ ያነሳው ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል፤ ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል ቢያወርዱት ወደ 200 ኪሎባይት ይጠጋል፣ ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ፎቶ። የልጅ ሥዕል ሲያነሱ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ መሬት ላይ ዘርግተው ከላይ ቀጥ ብለው ያንሱ፣ ፍላሽ ያጥፉ። እርሳስ ብቻ የተሣለ ሥዕል በፎቶ አይነበብም፤ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስደምቁት።

የስልኩን ካሜራ ከፍተው «ሎኬሽን» የሚለውን አስቀድመው ያጥፉት። ፎቶው የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ይሄዳልና።

ቀንዲል

እህቴ፣ አስተያየት አጻጻፍ ላይ ጊዜ ስጪው። ብሎጉ የሚያስተምረው እዚያ ነው፤ የሚበላሸውም እዚያው ነው።

ልጆችን «አስተያየት ጻፉ» ካልሻቸው «ጎበዝ»፣ «በርቺ»፣ «በጣም ቆንጆ ነው» ይጽፋሉ። ክፋት የለውም፤ ግን ለጸሐፊው ምንም አይነግረውም። ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ቃል ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው እንዲጀምሩ ደንብ አድርጊ። ያን ማድረግ የሚችለው ያነበበ ልጅ ብቻ ነው። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ። መጠየቂያው «ምን»፣ «ለምን»፣ «እንዴት»፣ «ስንት»፣ «የት» ይሁን፤ በ«አዎ» ወይም «አይ» የሚመለስ አይቆጠርም።

በአካባቢ ሳይንስ ባቄላ ማብቀልን እንውሰድ። አንድ የ4ኛ ክፍል ቡድን መጀመሪያ የሚጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ባቄላ ተከልን። ውሃ አጠጣነው። ከዚያ በቀለ። ደስ አለን።»

ከሌላ ቡድን የሚመጣው ጥያቄ፦ «"ውሃ አጠጣነው" ብላችኋል። ስንት ጊዜ? የት ነው የተከላችሁት?» ሌላው፦ «"በቀለ" ብላችኋል። መጀመሪያ የወጣው ምኑ ነው?»

እነዚህን ለመመለስ ቡድኑ ወደ ኩባያው ተመልሶ ማየት አለበት። ሁለተኛው ጽሑፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ሦስት ባቄላ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍን። ከዚያ ኩባያ ውስጥ እርጥብ ጥጥ ላይ አስቀመጥናቸው። ጠዋት ጠዋት ጥጡን አረጠብን። በ4ኛው ቀን መጀመሪያ የወጣው ነጭ ሥር ነው። አንዱን ባቄላ ገለበጥነው፤ ሥሩ ወደ ላይ ሆነ። ከሁለት ቀን በኋላ ሥሩ ተጣሞ ወደ ታች ዞረ።»

የመጀመሪያው 8 ቃል፣ ሁለተኛው ከ35 በላይ። «አስፋፍታችሁ ጻፉ» ያላቸው ግን የለም። ልብ በይ፣ «ደስ አለን» ወጥታለች፤ ቦታዋን የወሰደው ያዩት ነገር ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አታጥፊው። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ከላይና ከታች አስቀምጪያቸው፤ ወላጆች ስብሰባ ሲመጡ ልጃቸው ምን እንደተማረ የሚያዩት በሁለቱ መካከል ነው።

ከክፍል ውጪ ለሚመጣ አስተያየት ብሎገር ቅንብር ውስጥ ማጣሪያውን «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ አድርጊው፤ አንቺ ሳታይው ምንም አይወጣም። ዎርድፕረስ ከመረጥሽ ደግሞ አስተያየት ሰጪው ስምና ኢሜይል እንዲያስገባ የሚያስገድደው ምልክት ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው። ልጅ ኢሜይል የለውም፤ ምልክቱን ካላነሳሽው አስተያየቱ አልገባ ብሎ ያስቸግርሻል።

መምህር_ደብተራ

አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ግድፈት ያለበት ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ስም መውጣት የለበትም። ወላጅ ያያል፣ ሱፐርቫይዘር ያያል። «ትምርት ቤት»፣ «እሱዋ» እያለ የወጣ ጽሑፍ ሌላው ልጅ ትክክል ነው ብሎ ይወስደዋል። መምህሩ አርሞ ነው ማውጣት ያለበት።

ቀንዲል

መምህር፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ የተሳሳተ ቃል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይለመዳል። ግን መምህሩ ሁሉንም ካረመው ልጁ የራሱን ጽሑፍ አያውቀውም፣ ደግሞ ሥራው ለመምህሩ ይበዛል። መካከለኛ መንገድ አለ። በየሳምንቱ አንድ የእርማት ነጥብ ይመረጥ፤ በዚህ ሳምንት አራት ነጥብ፣ በሚቀጥለው ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ «እሷ» እና «እሱ» ከነግሣቸው። ተረኛው ቡድን ያቺን አንድ ነጥብ ራሱ አድኖ ያርማል፤ የተማሩት ሲጨምር የሚያርሙትም ይጨምራል። ያልተማሩትን ግድፈት መምህሩ ሲለጠፍ በጸጥታ ያስተካክለው። የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ ግን አይንካው። ልጅ «ድመቴ ተቆጥታ ጅራቷን አወፈረች» ካለ «አሳበጠች» ብሎ ማረም አያስፈልግም።

መምህር_ደብተራ

በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። የሀ፣ ሐ፣ ኀ እና የሰ፣ ሠ ነገርስ?

ቀንዲል

በ4ኛ ክፍል ለልጅ ድርሰት ነጥብ አይቀነስበት። መጽሐፋቸው ላይ ባለው አጻጻፍ መምህሩ ያስተካክለው። መለያዎቹ ላይ ግን ሽቦና_ሰሌዳ እንዳለው አንድ ወጥ ይሁን።

ቅዳሜ_ፊደል

ከሜሪላንድ ነኝ፤ እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ ይሰጣል። ሁለት ነገር ልበል፤ አንዱ ስለ ልጆች ደኅንነት፣ ሌላው ስለ አንባቢ።

የልጁ ስም ከነአባቱ፣ ፊቱ የሚታይ ፎቶ፣ የትምህርት ቤቱ ባጅ ያለበት ዩኒፎርም፣ ሰፈሩና የሚወጣበት ሰዓት፣ እነዚህ አንድ ላይ መገናኘት የለባቸውም። በጣም የሚያሳስበው ልጁ ራሱ ጽሑፉ ውስጥ የሚጥለው ነው፦ «እኔና እህቴ ሁልጊዜ በ11 ሰዓት በወንዙ በኩል ብቻችንን እንመለሳለን።» ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን አይወጣም። ከማውጣት በፊት አንድ ጊዜ ለዚህ ብቻ ተብሎ ይነበብ። የብዕር ስም ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ፤ የወፍ ወይም የዛፍ ስም ቢሆን ያምራል፤ ወርካ፣ ዋንዛ፣ ጭልፊት። የስሞቹ ዝርዝር መዝገብ ላይ እንጂ ኮምፒዩተር ላይ አይቀመጥ።

የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። እዚህ አሜሪካ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ በኢንተርኔት መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ በአውሮፓ ኅብረት ወሰኑ 16 ሆኖ አገሮች እስከ 13 ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። የጉግል አካውንትም በአብዛኛው አገር ለራሱ ለመክፈት 13 ዓመት ይጠይቃል፤ ለ10 ዓመት ልጅ ዕድሜውን አሳስቶ ኢሜይል መክፈት ልጁን ውሸት ማስተማር ነው። ፈቃዱ ላይ ሦስት ሣጥን ለየብቻ ይኑር፤ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ፎቶ። ጽሑፍ ፈቅዶ ፎቶ የሚከለክል ወላጅ ብዙ ነው፤ አንድ ሣጥን ብቻ ካለ ሁሉንም ይከለክላል። ፈቃድ ያልመጣለት ልጅ ጽሑፉ በግድግዳው ላይ ይውጣ፤ ከቡድኑ አይነጠል።

ስለ አንባቢ ደግሞ፦ በእንግሊዝ ቦልተን ሂትፊልድ በሚባል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር የነበረው ዴቪድ ሚቸል በ2011 (እ.ኤ.አ.) አንድ ዘዴ ጀመረ። አራት ትምህርት ቤቶች ይጣመራሉ፤ በየሳምንቱ አንዱ ባለተራ ይሆናል፣ ሦስቱ መጥተው ያነቡለታል፣ አስተያየት ይጽፉለታል። አራት ሳምንት ሲሞላ ዙሩ ይጠናቀቃል። ይህን በአማርኛ መሥራት ይቻላል፤ በዚያው ክላስተር (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ካሉ ትምህርት ቤቶች ሁለት፣ ከውጭ አገር የቅዳሜ ትምህርት አንድ። እዚህ የተወለደ ልጅ «ወንፊት ምንድን ነው? ከሰፌድ በምን ይለያል?» ብሎ ከልቡ ይጠይቃል፤ አያውቀውምና። እዚያ ያለው ልጅ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የመሰለውን ነገር እንዲያስረዳ ይገደዳል። ከዚህ የተሻለ የማብራሪያ ድርሰት ርዕስ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ያሉት ልጆች አማርኛቸው ደካማ ስለሆነ አስተያየታቸው በአንድ መስመር ሊያልቅ ይችላል። «ለምን እንደ ሕፃን ይጽፋሉ» እንዳይባሉ ለክፍልዎ ልጆች አስቀድመው ይንገሯቸው።

እናት_ክበብ

ለ1ኛና 2ኛ ክፍልስ ይሆናል? ገና ፊደል እየለዩ ነው።

ብራና_27

ይሆናል፤ በድምፅና በሥዕል። ልጁ ይሥላል፣ ስለ ሥዕሉ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ይናገራል፣ መምህሩ ይቀርጻል። ከዚያ ከተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር መርጦ በትልቁ ይጻፍለትና ልጁ ራሱ ከሥሩ ይገልብጠው። የራሱን ንግግር ማንበብ ከመጽሐፍ ይቀለዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ያውቀዋላ። ሲቀርጹ ስልኩን ከአፉ አንድ ስንዝር አርቀው ጎን ላይ ያድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ «ፕ» እና «ጵ» ላይ ይፈነዳል። ብሎገር ድምፅ በቀጥታ ስለማይቀበል ቅጂው በሌላ ቦታ ተቀምጦ ሊንኩ ይገባል፤ ይህ ከከበደ የክፍሉ የወላጆች ቴሌግራም ላይ ይላክ።

ጠመኔ_4ለ

ውጤት አሰጣጡስ? ርዕሰ መምህሩ ከተከታታይ ምዘና ጋር አያይዢው ብለውኛል። ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድም የጻፈለት ልጅስ እንዴት ይለያል? ከኢንተርኔት የሚገለብጥም ይኖራል።

መርሐ_ግብር

ከ10 ቢሆን፦ ለመጀመሪያው ረቂቅ 3፣ ከጥያቄ በኋላ ለተደረገው ለውጥ 4፣ ለሌላ ሰው ለጻፈው ጥያቄ 3። ለደረሰው አስተያየት ብዛት ምንም ነጥብ አይሰጥ፤ ከተሰጠ ወዳጅነት ነጥብ ሆነ። ጥንድ ሆነው ለሚተይቡት ለትየባውም ነጥብ አይሰጥ፤ ከተሰጠ ፈጣኑ ልጅ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

መገልበጥን በምርመራ ሳይሆን በርዕስ ይከላከሉት። «የአባይ ወንዝ» ካሉ ከመጽሐፍም ከኢንተርኔትም ይመጣል። «ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤት ያሉ ሦስት ዛፎች» የሚለው የትም አልተጻፈም። ረቂቁ ሁሌም በክፍል ውስጥ፣ በእርሳስ፣ በልጁ እጅ ይጻፍ፤ ቤት የሚሄደው ርዕሱን አስቦ ለመምጣት ብቻ ነው። ያኔ ታላቅ ወንድም ቢያግዝም የሚያግዘው በወሬ ነው፤ እሱ ደግሞ ይፈለጋል።

ሽቦና_ሰሌዳ

ከመክፈትዎ በፊት የመጨረሻ ነገር። ብሎጉ በመምህር የግል ኢሜይል ከተከፈተ መምህሩ ሲዛወር ብሎጉም አብሮት ይሄዳል። የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ይሁን፤ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህር ቢሮ ይቀመጥ፤ ማስመለሻ ስልኩም በእርስዎ ስም ብቻ አይሁን። ብሎገር ላይ ተጨማሪ አስተዳዳሪ አንድ ሰው ይጨምሩ። በየመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ የብሎጉን ሙሉ ቅጂ በ«ባክአፕ» አውርደው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ፤ ጽሑፉን ነው የሚያወርደው፣ ፎቶዎቹን ለብቻ መያዝ አለብዎት።

ጠመኔ_4ለ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ በሰፌድና በወንፊት እጀምራለሁ፤ 13 ወረቀት ለብጣሽ፣ 52 ለጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። የፈቃዱን ቅጽ ባለሦስት ሣጥን አድርጌ ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አቀርባለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች አሉ፤ ቅጹን እንዴት ይፈርማሉ?

ቅዳሜ_ፊደል

ቅጹ ለልጁ ተሰጥቶ ወደ ቤት አይላክ። ወላጅ ልጁን ሊያደርስ ሲመጣ፣ ወይም በስብሰባው ዕለት፣ በሌላ መምህር ፊት በቃል ይነበብለት። ወረቀቱ ላይ የታተመ አንድ የልጅ ጽሑፍ በብዕር ስም ያሳዩት፤ «የሚወጣው ይህን ይመስላል፣ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል፣ በፈለጉ ጊዜ ይነሣልኝ ማለት ይችላሉ» ይባል። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀለም ነክቶ በሦስቱ ሣጥኖች ለየብቻ ያሳርፍ፤ ያነበበለት መምህርና ምስክሩ ከሥር ይፈርሙ።